የላሟ ዋጋ፣ የጥጃዋ ሽያጭ እና የአክሲዮን ትርፍ

ዘሀራ፦ ከደሴ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን አንድ አክሲዮን ውድ ወይም ርካሽ መሆኑ የሚመዘንበት፣ በተለምዶ «ፒኢ ሬሾ» የሚባለው ስሌት ነው። ሰይድ፣ ከየት እንጀምር?

ሰይድ፦ ከእናቴ ላም ልጀምር። እናቴ ኮምቦልቻ ላይ አንዲት የምትታለብ ላም በ90,000 ብር ስትገዛ፣ ሻጩ «ባለፈው ዓመት 30,000 ብር ተርፎኛል፤ በሦስት ዓመት ዋጋዋን ትመልሳለች» ብሏት ነበር። 90,000 ለ30,000 ሲካፈል 3 ይመጣል። ፒኢ ሬሾም ይኸው ነው፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ፣ አንዱ አክሲዮን በዓመት ላስገኘው የተጣራ ትርፍ ይካፈላል።

ዘሀራ፦ ሦስት ዓመት እኮ በጣም ርካሽ ነው!

ሰይድ፦ እኛም እንደዚያ ብለን ነበር። እናቴ ግን የፋጉሎውንና የፉርሽካውን ወጪ በደብተር ስትመዘግብ ከርማ፣ ዓመቱ ሲሞላ ብታሰላው ከወተቱ የተረፋት 15,000 ብር ብቻ ሆነ። ኋላ ጎረቤት ስንጠይቅ፣ ሻጩ በዚያው ዓመት ጥጃዋን በ15,000 ብር ሸጦ ከወተቱ ትርፍ ጋር ደምሮት ኖሯል። ያ ጥጃ ደግሞ ዳግመኛ አይሸጥም፤ ትክክለኛው ቁጥር 6 ነበር።

ዘሀራ፦ እናትህ አላዘኑም?

ሰይድ፦ አዝናለች፤ ላሟን ግን እስከ ዛሬ ታልባታለች። ደብተሩም ከራስጌዋ አይጠፋም፤ በአንዱ ገጽ ወተት፣ በሌላው መኖ።

ዘሀራ፦ እሺ፣ ወደ አክሲዮኑ እንመለስ።

ሰይድ፦ ከእሱ መች ወጣሁ? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ከሆነ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አካፋዩ፣ ማለትም ትርፉ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር ሲወደድ፣ የውጭ ምንዛሪ ሀብቱ ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው የሚበልጥ ማንኛውም ባንክ ብድር ሳይጨምር በምንዛሪ ልዩነት ብቻ ትርፍ ሊመዘግብ ይችል ነበር። ያ ጥጃው ነው። አክሲዮኑ 1,500 ብር ቢሸጥና ትርፉ 300 ብር ቢሆን ሬሾው 5 ነው፤ ግማሹ ትርፍ የጥጃ ከሆነ ግን 10 ይሆናል።

ዘሀራ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ሬሾው ከፍ ያለ ሁሉ ውድ ነው ማለት አይደለም። ያረገዘች ጊደር ጠብታ ወተት ሳትሰጥ በደህና ዋጋ ትሸጥ የለም እንዴ? ትርፉ በየዓመቱ የሚያድግ ኩባንያም እንደዚያው ነው።

ሰይድ፦ ነገ ለሚታለበው ዛሬ መክፈል ነው።

ዘሀራ፦ ገዢ ሁሉ የሚከፍለው ለነገ ነው፤ የእናትህስ ላም? እኔ ጊደሯን እመርጣለሁ።

ሰይድ፦ በዚህስ እናቴም ከአንቺ ጋር ናት። ሆኖም የእንስሳት ሐኪም ዳብሶ ማርገዟን ካላረጋገጠላት ብር አትቆጥርም።