የመቅደላ ስንቅ እና የቦምቤይ መብራት

ዳዊት፦ ዛሬ ቦምቤይ ነን፣ አሁን ሙምባይ በምትባለው የሕንድ ከተማ። ጃምሴትጂ ታታ የሚባል ነጋዴ አሳደጋት ይባላልና እሱን እናወራለን። መግቢያችን ግን በመቅደላ በኩል ነው።

ሄለን፦ ጀመረህ ደግሞ! ሁሉን ነገር አዙረህ አገር ቤት ካላስገባኸው እንቅልፍ አይወስድህም።

ዳዊት፦ ቆይ ስሚኝማ። በፈረንጆቹ 1868 መቅደላ የዘለቀው የናፒየር ጦር ከየት ተነሣ?

ሄለን፦ ከቦምቤይ። ዝሆኖቹም ሳይቀሩ።

ዳዊት፦ ለዚያ ጦር ስንቅ ለማቅረብ ውል ከያዙት ነጋዴዎች አንዱ ኑሰርዋንጂ ታታ ነው፤ የጃምሴትጂ ታታ አባት። የመቅደላው ትርፍ ነው ከኪሳራ ያወጣቸው።

ሄለን፦ ኪሳራው ደግሞ የጥጥ ነው አይደል?

ዳዊት፦ አዎ። አሜሪካኖቹ እርስ በርስ ሲዋጉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡና ወደ ቦምቤይ ዞሩ። ከተማው በገንዘብ ሰከረ። 1865 ላይ ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ወደቀ፤ ስንቱን ነጋዴ ይዞ ገደል ገባ።

ሄለን፦ ልጁስ?

ዳዊት፦ እዚያው 1868 ላይ በ21,000 ሩፒ የራሱን ንግድ ከፈተ። በዓመቱ ቺንችፖክሊ የሚባል ሰፈር የከሰረ የዘይት ፋብሪካ ገዛ፣ የጥጥ ፋብሪካ አደረገው፣ ከዚያ አትርፎ ሸጠው።

ሄለን፦ እኔ ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም። 1877 ላይ ትልቁን ፋብሪካውን የከፈተው ናግፑር ነው፣ ጥጡ የሚበቅልበት አገር። ቦምቤይ የመጀመሪያውን የጥጥ ፋብሪካ ያቋቋመውም ካዋስጂ ዳቫር ነው፣ 1854 ላይ። ታዲያ ታታ ከተማውን አሳደገ የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

ዳዊት፦ እዚያው ቦምቤይ ባሠራው ታጅ ማሃል ሆቴል በያቸው። 1903 ላይ ሲከፈት በኤሌክትሪክ ያበራ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው ዝነኛው የድንጋይ በር እንኳ የተመረቀው 1924 ነው፤ ሆቴሉ ይቀድመዋል።

ሄለን፦ ሆቴል የሀብታም ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ እኔም ከሆቴሉ ውኃውን እመርጣለሁ። ፋብሪካዎቹ ከሰል እያነደዱ ሰማዩን አጥቁረውት ነበር። ታታ ከቦምቤይ ወዲያ ያለውን የተራራ የክረምት ዝናብ ገድቦ ኃይል ለማመንጨት ተነሣ። 1904 ላይ ሞተ፤ ልጆቹ ገፉበት፣ 1915 ላይ ኾፖሊ ከተባለው የውኃ ኃይል ማመንጫ የመጣው ኤሌክትሪክ ቦምቤይ ፋብሪካዎች ገባ።

ሄለን፦ ማሽኑ ተመቸው። ሠራተኛው ግን ቻውል በሚሉት ሕንፃ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ ታጭቆ ነበር የሚያድረው። ስለ ከተማ እድገት ሲወራ እሱን የሚያነሣው የለም።

ዳዊት፦ እውነትሽን ነው። የሚቀጥለውን ክፍል ለቻውሎቹ እንስጠው።

ሄለን፦ እዚያው ሄደን እንቅዳዋ! ማደሪያ ታጅ ሆቴል።

ዳዊት፦ በምን ገንዘብ?

ሄለን፦ የመቅደላን ሒሳብ እናነሣለን።