ካርታ አምጪ፣ ደረሰኝ አምጪ
(ሐረር፣ በካራማራ ድል መታሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የካምፓችን ልጆች፣ እንኳን ለየካቲት 26 አደረሳችሁ።

ከሶማሊያ ጋር የተዋጋነውን የጦርነቱን ታሪክ እንዳወራ ነበር የተጠራሁት። ግን ማን ለማን ያወራል? በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ማጭዱን ጥሎ የመጣ እዚህ መሀላችን ተቀምጧል። በመስከረም 1970 ጅግጅጋ ስትያዝ፣ ሐረር ስትከበብ የት እንደነበራችሁ ታውቃላችሁ። የካቲት 26 ጅግጅጋ በማን ደም እንደተመለሰችም ታውቃላችሁ፤ በእኛም፣ በኩባውያኑም። ስለዚህ ይሄን ልለፈው።

እኔ የመጣሁት ስለ ቤታችን ልናገር ነው።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መሄጃ ያለው ሄደ። መሄጃ የሌለው ባዶው ካምፕ ገባ። አንዱ የወታደር ማደሪያ ለስንት ቤተሰብ እንደተከፈለ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ግድግዳችን የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው። ቀስ በቀስ ጭቃ መረግን፤ የቻለ ብሎኬት ደረደረ። ልጆች ዳርንበት፣ ለቅሶ ተቀመጥንበት፣ እድር አቋቋምንበት። በወረቀት ግን ዛሬም ጊዜያዊ ነን።

አንዲት እህታችን አለች። ባሏ ካራማራ ላይ እግሩን ያጣ ነው፤ እሱም ካረፈ ቆየ። እንጀራ ጋግራ ነው የምታድረው። ረድፉ ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ስለሚጠቀም የሷ ምጣድ ሲሰካ የሁላችንም መብራት ድርግም ይላል። የራሷን ቆጣሪ ልታስገባ ሄደች። "የቤት ካርታ አምጪ" አሏት። ካርታ የሚሰጡት ጋ ሄደች። "እዚያ መኖርሽን በምን እናውቃለን? በስምሽ የመብራት ደረሰኝ አምጪ" አሏት። ተመለሰች። "ያለ ካርታ ቆጣሪ የለም።" እንደገና እዚያ። በመጨረሻ ደሟ ፈላና የባሏን ሜዳይ ከነሪባኑ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችላቸው። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየውና ምን ቢል ጥሩ ነው? "እማማ፣ ይሄ እኮ ማህተም የለውም።"

ማህተም የለውም!

እስቲ ማህተሙን እናሳያቸው! እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ፍንጣሪ በገላው ያልቀረበት ስንቱ ነው?

ቦታው የመንግሥት ነው ይሉናል። ልክ ነው። እኛስ የማን ነበርን? በ1983 "የደርግ ወታደር" ተብለን ተበተንን። በ1990 ባድመ ስትያዝ ግን ከመሀላችን እንደገና የተጠራ አለ። ያኔ "ካርታ አለህ ወይ?" ያለው የለም!

ሌላም ይዤ ነበር። የጡረታው ነገር አለ። የመጸዳጃ ቤቱ አለ። የውሃውንማ የሐረር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጄሪካናችን ይመስክር። ሰዓቴ ስላለቀ አልገባበትም።

ፎቅ ሥሩልን አላልንም። የምንኖርበት ይለካ፣ በስማችን ይመዝገብ ነው ያልነው። ለሚመጣው የካቲት 26 የአበባ ጉንጉኑ ይቅርና ቀያሽ ላኩልን። የሜትሩን አንድ ጫፍ እኛው እንይዝለታለን።

አመሰግናለሁ።