ጅቡቲ ሞተ የምንለው ከብት
ሰላም እንዴት ዋላችሁ! ነጋዴዎች፣ አድላቢዎች፣ ሹፌሮች አመሰግናለሁ፣ ረዳቶችም መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል፣ እናንተን ስብሰባ የሚጠራ የለም እኮ፣ ከብቱ ግን መንገድ ላይ ያለው በእናንተ እጅ ነው።

ከአዳማ ወደ ጅቡቲ የምንጭነው ከብት አፋር ሚሌ ላይ ሞተ፣ ጅቡቲ ሞተ ሲባል እሰማለሁ። እኔ በእንስሳት ሀኪምነቴ ያየሁት ግን ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚሁ አዳማ መጫኛው ላይ ነው። በቀደም አንድ አይሱዙ ሲጫን ቆሜ እያየሁ፣ ኪራዩ ከተከፈለ አይቀር አንድ ልጨምር፣ አንድ ልጨምር ሲባል አንዱ የቦረና ኮርማ መሀል ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ሌሎቹ ረገጡት፣ ረዳቱ ገብቶ ጭራውን ጠመዘዘው፣ አልነሳ ሲለው ደገመው፣ የጭራው አጥንት ቋ ሲል ሰማሁት። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቦታ የለማ! ወለሉ ላይም አሸዋ የለ፣ ጭድ የለ፣ ሽንትና እበት ብቻ።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ እኮ ከባድ አይደለም። የታመመ፣ ራሱን ችሎ መቆም ያቃተው፣ ሁለት አይኑ የማያይ አይጫንም፣ እርግዝናዋ የመጨረሻው 10 በመቶ ላይ የደረሰች ላምም አትጫንም። በቃ። ይሄን ለማወቅ ሀኪም መሆን አያስፈልግም።

ባህር ላይም ነገሩ ያው ነው። ሰኔ 2014 ሱዳን ሱዋኪን ወደብ ላይ ወደ ሳውዲ የሚሄድ መርከብ ከ15 ሺህ በላይ በግ እንደጫነ ሰጠመ፣ የወደቡ ሰዎች መርከቡ የሚችለው 9 ሺህ ነበር አሉ። ያው የኛው አንድ ልጨምር ናት፣ ውሀ ላይ ወጥታ። አውስትራሊያም እንደ ፈረንጆቹ በ2017 አንድ ጉዞ ላይ ብቻ ወደ 2,400 በግ በሙቀት አልቆባት፣ ቪዲዮው በቲቪ ሲወጣ ህዝቡ ተቆጣ፣ አሁን በግ በመርከብ መላክ ከሜይ 2028 ጀምሮ እንዲቆም ህግ አውጥታለች።

እኛም እናቁም አልልም፣ የቦረናው አርብቶ አደር ምን ይብላ? የምለምነው ከየመኪናው ሁለት ከብት እንድትቀንሱ፣ ወለሉን አሸዋ እንድታለብሱና አዋሽን ካለፋችሁ በኋላ ውሀ ሳታጠጡ እንዳትነዱ ነው፣ የአፋርን ሙቀት ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሁለት ከብት ኪራይና የአንድ ኮርማ ዋጋ የቱ እንደሚበልጥም እናንተው አስሉት።

ነገ ጠዋት 12 ሰአት መጫኛው ላይ ነኝ፣ የሚጭን ካለ ይጥራኝ፣ ወለሉን አብረን እናያለን።