በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ፈረንሳይኛ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ ነፃ የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያዎች የማነሳው ከዘጌ ስንመለስ ጀልባ ላይ ከደረሰብኝ ሀፍረት የተነሳ ነው። እንደምታውቁት ሥራዬ አስጎብኚነት ነው፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው በቡናው ጫካ መካከል የወረዱ፣ እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት ፈረንሳዊት እንግዳ ውሃ ጠምቷቸው እንደሆነ በቋንቋቸው ስጠይቃቸው “አንቺ” ብዬ አረፍኩት። እሳቸው ሣቁ፤ እኔ ግን ጣና ቢውጠኝ በወደድኩ።

ፈረንሳይኛን የጀመርኩት በዱኦሊንጎ ነው። ሉዊስ ፎን አን እና ሴቨሪን ሃከር የመሠረቱት ይህ መተግበሪያ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ሳያቋርጡ ያጠኑትን ቀናት እየቆጠረ ሰነፍ ሰውን፣ ማለትም እኔን፣ ወደ ጥናቱ በመመለስ የሚስተካከለው አላገኘሁም። ስዋሂሊንና ዙሉን ሳይቀር ያስተምራል፤ አማርኛን ግን አያስተምርም፣ በአማርኛም አያስተምርም። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰው በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ግድ ይሆንበታል። እንግሊዝኛ ደግሞ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንድ “ዩ” ጠቅልሎ ያልፋቸዋል፤ ፈረንሳይኛው “ቱ” እና “ቩ” ብሎ ሲለይ፣ ማንን አንቱ እንደሚሉ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እኔ እንደ አዲስ ግራ ገባኝ።

ላንጉዌጅ ትራንስፈርም የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ማስታወቂያ የሌለበት፣ በድምፅ ብቻ የተዘጋጀ ትምህርት በመሆኑ አውርጄ ኔትወርክ በማይገኝበት ቦታም አደምጠዋለሁ፤ መምህሩ ተማሪውን ሲጠይቅ ድምፁን አቁሜ በተማሪው ፈንታ እመልሳለሁ።

የእኔን ችግር የፈታው ግን መልኩ የማያምረው፣ በፊቱ ጥያቄ በጀርባው መልስ በተጻፈበት ካርድ የሚያስጠናው አንኪ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል፤ ለአይፎን የሚከፈልበት ነው። ካርዱን ራሴ ስለምጽፈው እንግሊዝኛውን ከመሀል አወጣሁት፤ በፊቱ “ውሃ ጠማዎት?” ብዬ ጻፍኩና በጀርባው “አቬ ቩ ስዋፍ?” አልኩ። ያወቅሁትን ካርድ እያራቀ፣ የረሳሁትን እያቀረበ ይመልስልኛል።

እርግጥ በፊደላችን መጻፍም ጣጣ አለው። “አንተ” የሚለውም “ሁሉ” የሚለውም የፈረንሳይኛ ቃል በግእዝ ፊደል ሲጻፍ እኩል “ቱ” ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የመጀመሪያው ግን “ኡ” ለማለት ከንፈርን አሹሎ “ኢ” እንደማለት ያለ፣ በአማርኛ የሌለ ድምፅ ነው። መተግበሪያው ድምፅ መቅዳት ስለሚፈቅድ፣ ያንኑ ቀን እንግዳዬን ይቅርታ ጠይቄ ሁለቱን ቃላት እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም ጀልባችን ባሕር ዳር እስኪደርስ፣ በሞተሩ ጩኸት መካከል፣ እየደጋገሙ አነበቡልኝ። የሞተሩ ድምፅ ካርዱ ላይ አብሮ ገብቷል፤ ትናንት በትክክል ስለመለስኩት ከአራት ወር በኋላ ይመለሳል ብሎኛል።