60 ዲግሪ እና አውራ ጣቴ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ እና እያወራኋችሁ እጄ ላይ የያዝኳት ነገር አለች። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ነጭ ፕላስቲክ ናት፣ ባንድ ጎኗ ጎድጎድ ያለች፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩዋት ጎድጓዳው ላይ የጓንቴ ስፌት ሁሉ ታትሞ ይታያል። የሞተሬ ፍሬቻ ማብሪያ ላይ የምትገባ ቆብ ናት። እኔ ነኝ የሰራኋት፣ ቤት ውስጥ፣ በሙቅ ውሃ። የዛሬው ወሬ ስለሷና ስለ እህቶቿ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጣቴ ነው። ከዓመታት በፊት የግራ አውራ ጣቴ ተሰብሮ ነበር፣ ገጠመ፣ ዳነ፣ ግን አንጓው እንደ ድሮው አይዘረጋም። ሌላ ጊዜ ብዙም አይታወቀኝም፣ ሞተር ላይ ስወጣ ግን በደንብ ይታወቀኛል፣ ምክንያቱም ፍሬቻው ያለው በግራ እጅ በኩል ነው፣ ጣቴ እሱ ጋ እንዲደርስ መዳፌን ከመሪው ላይ ትንሽ ማንሳት አለብኝ፣ መዳፌን ሳነሳ ደሞ ፍሪሲዮን ላይ ያሉት ጣቶቼ ይላላሉ፣ እና ይሄ ሁሉ የሚሆነው ልታጠፍ ስል ነው፣ ሁለቱም እጆቼ በጣም በሚያስፈልጉኝ ሰዓት። ፋብሪካ ለመካከለኛ እጅ ነው የሚሰራው፣ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል፣ ስንት ዓይነት እጅ አለ። የጎደለኝ ግን አንድ ሴንቲሜትር ነበር። አንድ ሴንቲሜትር ብቻ። ለሷ ብዬ ሙሉ ማብሪያውን የሚቀይርልኝም የሚሸጥልኝም የለም።

ከዛ ነው ይሄን ፕላስቲክ ያወቅኩት። ትክክለኛ ስሙ ፖሊካፕሮላክቶን ነው፣ ሲሸጥ ግን ኢንስታሞርፍ፣ ፖሊሞርፍ ምናምን በሚል በተለያየ ስም ታገኙታላችሁ። የሚመጣው እንደ ትንንሽ ዶቃ ነጭ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ነው። ልዩ የሚያደርገው በ60 ዲግሪ አካባቢ መቅለጡ ነው። ሞተር ላይ ያሉትን ፕላስቲኮች ለማቅለጥ በሙቅ ውሃ የማይገኝ ሙቀት ያስፈልጋል፣ ለዚህኛው ግን አንድ ማንቆርቆሪያ ይበቃዋል። አዲስ ግኝት ከመሰላችሁ ደሞ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው የተሰራው፣ በኬሚስቱ በዋላስ ካሮዘርስ ቡድን፣ ያው በ1935 ናይሎንን ባስገኘው ቡድን ማለት ነው። ዛሬ ደሞ ሐኪም ቤት የተጎዳ እጅ ለመደገፍ በሙቅ ውሃ አለስልሰው እጅ ላይ የሚቀርጹት ስፕሊንት አለ አይደል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዘር ነው። ይሄን ሳውቅ የሆነ ነገር ተሰማኝ። እኔም እኮ የምፈልገው እሱን ነው፣ እጄ ወደ ዕቃው መሄድ ስላቃተው ዕቃው ወደ እጄ እንዲመጣ።

አሰራሩን ልንገራችሁ። ውሃ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ታሞቃላችሁ፣ መፍላት የለበትም። ፍሬዎቹን ትጨምራላችሁ። መጀመሪያ ነጭ ናቸው፣ ከዛ ከዳር ከዳር እየጠሩ ይመጡና እንደ መስታወት ይሆናሉ፣ ሲጠሩ ቀልጠዋል ማለት ነው፣ ያኔ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በማንኪያ ነው የምታወጡት፣ በእጅ አይደለም። ውሃው የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩም ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቷል፣ እና ሙቅ ውሃ ቢደፋባችሁ ፈሶ ይወርዳል፣ ይሄ ግን ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ተለጥፎ ማቃጠሉን ይቀጥላል። እባካችሁ ይሄን በቁም ነገር ያዙልኝ። ትንሽ በረድ ሲል እንደ ሸክላ ጭቃ በእጅ ይታሻል፣ ስታሹት ውስጡ የቀረውን ውሃ ጨምቃችሁ አውጡት፣ ውሃ ከቀረበት ውስጡ ክፍተት ይሆንና እዛ ጋ ነው በኋላ የሚሰበረው። እየበረደ ሲሄድ ጥራቱ ይጠፋና ተመልሶ ነጭ ይሆናል፣ ነጭ ሲሆን ጠንክሯል። ቸኩላችሁ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ካልወደዳችሁት ደሞ መልሳችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ መክተት ነው፣ ምንም የሚጣል የለውም።

ፍሬቻው ላይ እንዲህ ነበር ያደረኩት። ማብሪያውን አጸዳሁት፣ አደረቅኩት፣ እንዳይጣበቅበት በስሱ ቫዝሊን ቀባሁት። ከዛ የጠራውን ፕላስቲክ ማብሪያው ላይ ጫንኩና ወዲያው ጓንቴን አጥልቄ፣ ሞተሩ ላይ እንደምነዳ ሆኜ ተቀምጬ፣ መዳፌን ከመሪው ሳላነሳ አውራ ጣቴ በራሷ የምትደርስበት ቦታ ላይ ጫን አደረኳት። እና ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ይሰማኛል፣ ከዛ ለብ ይላል፣ ከዛ ይጠፋል፣ ከጣቴ ስር የነበረው ለስላሳ ነገር ቀስ በቀስ እምቢ እያለ ይመጣል። ሳነሳው የጣቴ ቅርጽ ቀርቷል፣ የማትዘረጋዋ አንጓዬ ሳትቀር። የመጀመሪያዋ አልሆነችም፣ ጫፏ ክላክሱ ላይ ትነካ ነበር፣ አቅልጬ ደገምኩት። ሁለተኛዋ ሆነች። ወደ ግራ፣ ጠቅ። ወደ ቀኝ፣ ጠቅ። መሀል ላይ ተጭኖ ማጥፋት፣ ጠቅ። መዳፌ ከመሪው አልተነሳም። እዛው ሞተሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ብዙ ቆየሁ፣ ዝም ብዬ ፍሬቻ እያበራሁ እያጠፋሁ።

ከዛ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ ሁሉም ነገር በዚህ ፕላስቲክ ሊሰራ የሚችል ይመስላል። የኬብል መያዣ ሰራሁ፣ መሪው ላይ ለሚታሰረው ሻንጣ መደገፊያ ሰራሁ፣ የስልክ ማስቀመጫ ሰራሁ። የስልክ ማስቀመጫው ደሞ በጣም ነበር ያማረው። አንድ ቀን ሞተሩን ፀሐይ ላይ አቁሜ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ማስቀመጫው አንገቱን ደፍቷል። አልተሰበረም፣ አልተሰነጠቀም፣ ብቻ ወደ ታንከሩ ጎንበስ ብሎ ቀርቷል። ስልኩ እላዩ ላይ አልነበረም፣ ግን እየነዳሁ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ አንስቼ የሚወድቅ ስልክ ለመያዝ እጄን ስሰድ ታየኝ። ጥቁር ቀለም የተቀባ ነገር ጠራራ ፀሐይ ላይ ሲቆም ለ60 ዲግሪ ብዙም ሩቅ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ደሞ ሙሉ በሙሉ ከመቅለጡ በፊትም ክብደት ካለበት ቀስ እያለ ይለመጣል። 60 የሚለውን ቁጥር አውቀው ነበር እኮ። ማወቅና ሞተሬ ላይ የት የት እንዳለ ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ምን አደረኩ፣ ነድቼ እንደመጣሁ የግድግዳ ሳይሆን ብረት የሚለካ ቴርሞሜትር ይዤ ሞተሩን ዞር ዞር እያልኩ መለካት ጀመርኩ። ማርሚታውና ሲሊንደሩ አካባቢ ማንም ያውቀዋል፣ እነሱን ተዉት። የገረመኝ ሌላው ነው። የራዲያተሩ አየር የሚወጣበት በኩል ያለው የጎን ክዳን ትራፊክ ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ በጣም ይሞቃል፣ የፊት መብራት ጀርባም እንደ አምፖሉ ዓይነት ይሞቃል፣ መሪው ላይ ያለው ሁሉ ግን ነፋስ ስለሚያገኘው እየነዳችሁ ቀዝቃዛ ነው፣ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው ነው የሚሞቀው። አሁን ሞተሬን ሳይ ቅርጹን ብቻ አይደለም የማየው፣ የት እንደሚግል፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት ነዳጅ እንደሚንጠባጠብ አብሮ ይታየኛል። ነዳጅ ያልኩት ስለምን መሰላችሁ፣ ቤንዚን ውስጥ ያሉ እንደ ቶሉይን ዓይነት ነገሮች ይሄን ፕላስቲክ ያሟሙታል፣ ስለዚህ ታንከር ክዳን አካባቢ አይሆንም።

ሌላው ብሎን ነው። ፕላስቲኩን በስታችሁ ብሎን ብታጠብቁበት መጀመሪያ ጥብቅ ይላል፣ ከሳምንታት በኋላ ግን ላልቶ ታገኙታላችሁ፣ ብሎኑ አይደለም የላላው፣ ፕላስቲኩ ነው ከስር ሸሽቶ የሄደው። መፍትሄው ቀዳዳው ውስጥ አጭር የብረት ቱቦ መክተት ነው፣ ከላይና ከታች ሮንዴላ፣ ያኔ ብሎኑ የሚጠብቀው በብረት ላይ ይሆናል ፕላስቲኩ ቅርጹን ብቻ ይይዛል። ስትበሱ ደሞ ትራፓኖውን በጣም በዝግታ፣ ከፈጠነ ሰበቃው ራሱ ያቀልጠውና ጫፉ ላይ ይጠመጠማል። ብርጭቆ ወረቀትም እንደዛው ነው፣ እኔ በስለታም ቢላ መላጥ ነው የምመርጠው።

እና አንድ ነገር ላይ ምንም አልደራደርም። ፍሬን የሚነካ ነገር በዚህ አይሰራም። የፍሬን እጀታ፣ የፍሬን ቱቦ መያዣ፣ እግር መርገጫ፣ ክብደታችሁን የሚሸከም ነገር፣ አይሆንም። መሪው ላይ ምንም ነገር ስታስሩ ደሞ፣ ትንሽ ቅንጥብ እንኳን ብትሆን፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩት፣ ጋዙን ስጡና ልቀቁት፣ በራሱ ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት። ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው፣ እንደገና ጋዝ፣ ልቀቁት። ኬብል ከተወጠረ ወይ የሆነ ነገር ከነካ የሰራችሁት ነገር ምንም ቢያምር ይውጣ። እኔ ዛሬም ለዚች ለጣት ቆቤ እንኳን አደርገዋለሁ።

ብረት መሆን ላለበት ነገር ግን ፕላስቲኩ ሌላ ጥቅም አለው፣ ምናልባት ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። ለተጨማሪ መብራት መያዣ ያስፈልገኝ ነበር፣ ፍሬሙ ላይ ባለ ጠማማ ቦታ ላይ የሚገባ፣ በወረቀት ልኩን ላነሳ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ፕላስቲኩን አቅልጬ ራሱ ፍሬሙ ላይ ቀረጽኩት፣ መብራቱን አስሬ አየሁት፣ ሶስቴ አስተካከልኩ፣ ከዛ ያን ነጭ ሞዴል ብየዳ ለሚሰራ ጓደኛዬ ወሰድኩለት። ያለ ስዕል፣ ያለ ሜትር። አገላብጦ አየው፣ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ እና ከላሜራ ቆርጦ በየደው። የብረቱ መያዣ ባንዴ ገባ። ሞዴሉን ደሞ ቤት ወስጄ አቀለጥኩት።

አሁን የያዝኳት ቆብ ሶስተኛዋ ናት፣ ሁለተኛዋ ጠርዟ ተበልቶ ነበር። የተሰራችውም ያኔ ፀሐይ ላይ አንገቱን ከደፋው የስልክ ማስቀመጫ ነው፣ ቁርጥራጩን ሁሉ ሰብስቤ ነበር። የተረፈው እዚህ አጠገቤ ሳህን ላይ አለ፣ የጎን ክዳኑ ጥርስ ስለተሰበረ ለሱ ይበቃል። ክዳኑ የተሰራበት ፕላስቲክ ምንም አያጣብቅበትም፣ ስለዚህ ስብራቱ አጠገብ ሶስት ትንንሽ ቀዳዳ በስቼ ቅልጡን ባንድ ጎን አስገብቼ በሌላው ጎን እደፈጥጠዋለሁ፣ እንደ ሪቬት ይይዛል። ያው የራዲያተሩ አየር የማይነካው ጎን ነው፣ ለክቼዋለሁ። ቀዳዳዎቹን ዛሬ ማታ እበሳለሁ። በሉ ቻው፣ ሳምንት እንገናኝ።