ክፍል 41፦ የመጀመሪያውስ?

እሺ። ይሰማል? ይሰማል። ዛሬም ቁምሳጥን ውስጥ ነኝ። ማይኩም ካልሲውን ለብሷል። ፕሮፌሰር እስካሁን አልጮኸም። መሀል ላይ ኩኩሉ ካለ ግን አልቆርጠውም፤ እሱም ሐሳብ አለው።

ስለ ደንገል ታንኳ አወራለሁ ብዬ ነበር አይደል? ይቅር። ማክሰኞ የአናቶሚ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሳስተምር፣ የሆነች ነገር አለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አልለቀቀችኝም።

የአንገት ነርቮች ቀን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው። "እሳቸው" የምለው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ "እሱ" ይላሉ፣ ስፔሲመን፣ ማለትም የመማሪያ አስከሬን ስለሆነ። ከራስ እስከ ደረት ነው ያሉት። ግራ ጎናቸው ተከፍቷል፣ የቀኙ ቆዳ እንዳለ ነው። ደም ቅዳው ቀይ፣ ደም መልሱ ሰማያዊ፣ ነርቩ ቢጫ ተቀብቷል። ቢጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ በጥፍር ቀለም ብሩሽ። ሳይቀባ የጥጥ ፈትል ነው የሚመስለው፣ ያውም ውኃ የነካው።

ታውቁኛላችሁ፣ እኔ በተረት ነው የማስረዳው። ራስና አንገትን የምጀምረው "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ብዬ ነው። እንቅርት ከሚወጣበት እጢ ጀርባ የድምፅ ነርቭ ያልፋል። ጆሮ ደግፍ በሚያሳብጠው እጢ ውስጥ ደግሞ የፊት ነርቭ። ግማሹን ኮርስ በአንድ ተረት ጨረስኩት ማለት ነው።

እና የድምፅ ነርቩ ጋ ደረስን። ሪከረንት ላሪንጂያል። ቫገስ የሚባለው ነርቭ ከአንጎል ይወርዳል፣ አንገትን ያልፋል፣ ደረት ይገባል። የግራው ቅርንጫፍ እዚያ ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ ከአኦርታ ሥር ይጠመጠምና ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ወዴት? ማንቁርት። ቅድም በጎኑ አልፎት የወረደው ማንቁርት! ልጆቹ ይሄን ሲያዩ ሁሌም ይገርማቸዋል። እኔም ክሩን በጣቴ እየተከተልኩ የተለመደችውን አልኩ፦ "ዞሮ ዞሮ ከቤት።"

ከኋላ አንድ ልጅ፣ ቀስ ብሎ፣ "የመጀመሪያውስ?" አለ።

ሳቅ ሆነ። ሁሉም ያውቁታላ። ኖሮ ኖሮ ከመሬት። እኔም ሳቅኩ።

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ከነሱ በፊት ነው የሳቅኩት ወይስ በኋላ? አስቤ አስቤ አልመጣልኝም። ጣቴ እዚያው ክሩ ላይ ነበር። ጓንቱ እርጥብ ነበር። እየሳቅኩ ቀና ስል ዓይኔ ቀኝ አንገታቸው ላይ አረፈ። ንቅሳት አላቸው። ሦስት መስመር፣ እንደ ድሪ። ቆዳው ጠቁሯል፣ መስመሮቹ ግን አሉ። ጉሮሯቸው መሀል ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ቆዳ የለም። ግራውን ያነሳው ሰው ከእኔ በፊት ነው።

አዲስ ነገር አይደለም እኮ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። እንዲያውም ምልክት አድርጌ እጠቀምበታለሁ። "ከሁለተኛው መስመር በታች ተመልከቱ" እላለሁ። እንደዚያ ነው የምለው። በአፌ።

አያቴም እንደዚሁ አላት። ለጌጥ ነው ካላችኋት ትቆጣለች፤ እንቅርት እንዳይዘኝ ነው ባይ ናት።

እ… አስከሬኑን እንዳይፈርስ ስለሚያቆየው ስለ ፎርማሊን ጠይቃችሁኝ ነበር፣ እሱን ልመልስ። ይሸታል፣ አዎ። ግን ሽታው ራሱ ትምህርት ነው። በሩን ስትከፍቱ መጀመሪያ ይሸታችኋል፤ እሱ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 1ኛው ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ያቃጥላችኋል፤ 5ኛው። እንባችሁ ሲመጣ ደግሞ 7ኛው። አስተማሪ አፉን ሳይከፍት ከ12ቱ 3ቱን ጨረሳችሁ። አስከሬን ማቆያነቱ የተገኘውም በአጋጣሚ ነው። በ1893 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ፈርዲናንድ ብሉም የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ፎርማሊን የሚሠራበት ፎርማልዲሃይድ ተሕዋስያንን ይገድል እንደሆነ ሲሞክር የገዛ ጣቱ ቆዳ ደረቀበት። አሃ አለ። ከዚያ ወዲህ ይኸው።

ፕላስቲኩ ሞዴል አይበቃም ወይ ለሚለውም፣ አይበቃም። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቀኝ እጃችሁን ቀኝ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉ፣ መዳፋችሁ ከጆሯችሁ ሥር ይሁን። አውራ ጣት ወደ ግንባር፣ ትንሿ ጣት ወደ አንገት። አምስቱ የፊት ነርቭ ቅርንጫፎች እነሱ ናቸው። ሞዴሉ ላይ ልክ እንደ እጃችሁ ተዘርግተው ታገኟቸዋላችሁ። ሰው ላይ ግን ይጣመራሉ፣ ይሻገራሉ፣ አንዱ የሌላውን አይመስልም። ቢላ የሚይዝ ሐኪም ይሄን በሰው ላይ ማየት አለበት። ይሄን አምናለሁ። አሁንም አምናለሁ።

እጃችሁን አውርዱ፣ ባጃጅ ውስጥ ያላችሁ።

ትንሿ ጣት ያለችበት ቦታ… በሚቀጥለው ሳምንት የቀኙ ቆዳ ይነሳል። የማነሳው እኔ ነኝ።

ወንድሜ ዳጋ እስጢፋኖስ ሄዶ የነገሥታቱን አስከሬን አይቷል። ዘርዓ ያዕቆብ፣ ፋሲለደስ። በመስታወት። እኔ አልገባም፣ ሴት አይገባም፤ በዚህ ስንት ኤፒሶድ እንዳለቀስኩ ታውቃላችሁ። እዚሁ ጣና ላይ፣ አንዱ ሰው ሳይፈርስ ቆይቶ ንጉሥ ነው፣ ስሙ ይጠራል፣ ካህን አለው። እኛ ጋ ያሉት ግን… አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂ ያጣ አስከሬን ነው የሚመጣው። ፍትሐት የለ፣ እድር የለ። ቁጥር አለ። አያቴ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ "ቀባሪ አታሳጣኝ" ትላለች። ልጅ እያለሁ ያስቀኝ ነበር። ሰባት ልጅ ወልዳ!

ሥራዬን ጠልቼ አይደለም። እንደዚያ እንዳይመስላችሁ። ወይም… አላውቅም። ሰኞ ላብ ስገባ "እንደምን አደሩ እማማ" ብል ምን ይለኛል? ማንም ባይኖር ማለቴ ነው። ሰው ካለማ ቀልድ ይሆናል።

በዚያ ልጅ ላይም ተናድጄ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ። እሳቸው ፊት እንዴት እንዲህ ይቀለዳል እያልኩ፣ ራሴ የሳቅኩትን ትቼ…

ቆይ።

ቆይ ቆይ። ቫገስ ወደ ማንቁርት የሚልከው ቅርንጫፍ እኮ አንድ አይደለም። ከላይ ቀድሞ የሚወጣ አለ፣ ሱፐሪየሩ። ደረት ሳይወርድ በቀጥታ የሚገባው። እኔ ዘልዬው ነው ወደ ሪከረንቱ የሄድኩት። "የመጀመሪያውስ?" ያለው እሱን ቢሆንስ? ልጁ ደብተር ይዞ ነበር። እስኪ… ሳቀ እንዴ እሱ? ሌሎቹ ሲስቁ እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የጻፈ መስሎኝ ነበር።

ተረቱን ያመጣሁት እኔው ብቻ ነኝ ማለት ነው? እኔና የሳቁት?

አሁን ምን ብዬ ልጠይቀው ነው። "ማክሰኞ የጠየቅከው ስለ ነርቩ ነው ወይስ…" ወይስ ምን? እሳቸው እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያሉ…

ይኸው ጮኸ። ፕሮፌሰር፣ ገና ነው እኮ። ስለ ታንኳው በሚቀጥለው… በሚቀጥለው ሳምንት እንኳ ቆዳው…