ጥላችንን ተዉልን
(በከዚራ፣ ድሬዳዋ፣ በሠፈር መናፈሻ እድሳት ማስጀመሪያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሠፈራችን አባቶችና እናቶች፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ እንግዶች፣ የድሬ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ኮሚቴው «የመናፈሻውንና የዛፎቹን ታሪክ በአጭሩ ይንገሩን» ስላለኝ ነው የቆምኩት። ታሪኩን እናገራለሁ። ግን ሌላም የመጣሁበት ጉዳይ አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ሐረር ደግሞ ተራራ ላይ ናት፣ 1,850 ሜትር ገደማ። እኛ ከግርጌዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነን። ባቡሩን ያን ሁሉ ዳገት ማስወጣት ወጪው የሚቻል አልሆነም። ሐዲዱ ታች ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፣ ድሬም ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው የመጋላ ሠፈር ስታድግ፣ ከወዲህ ያለችውን ከዚራን የባቡሩ ኩባንያ ቀጥ ባሉ መንገዶች ቀየሳት። የመንገዶቹን ዳርና ዳር ደግሞ ዛፍ በዛፍ አደረገው። ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። የግንቦትን ፀሐይ አንድ ቀን ውጭ የዋለበት ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ዛፎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ኒሙ ከህንድ አገር የመጣ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ሌላው ዛፍ ሲራገፍ እሱ አረንጓዴ ነው። ስንቶቻችን ነን በእሱ ጭራሮ ጥርሳችንን ፍቀን ያደግነው! ያ በሙቀቱ ወራት እሳት የመሰለ ቀይ አበባ የሚያወጣው ደግሞ የማዳጋስካር ተወላጅ ነው። የአገራችን ሰው ግን የድሬዳዋ ዛፍ ብሎ ነው የሚጠራው። እንደ ባቄላና እንደ አተር ፍሬው በቆባ ውስጥ ነው፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ወደ ጎን ሰፊ ሆኖ ይዘረጋል። ከአንድ ዛፍ ሥር መንደሩ በሙሉ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከዚህ ሁለት መንገድ ወዲያ ያለችውን ትንሿን መናፈሻ ታስታውሳላችሁ። በሯ ላይ አንድ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ ነበረ። ከሥሩ ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወታሉ። ሳንቡሳ የምትጠብሰው እናታችን ከሰሏን እዚያው ታቀጣጥላለች። አጠገቧ ሁመር የሚባለውን መጠጥ የሚሸጥ ልጅ አለ። ባጃጆች ተራ ይዘው ጥላው ውስጥ ይሰለፋሉ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች የደረቀውን ቆባ እያነሱ ጎራዴ ይማዘዙበታል። የክንድ ያህል ይረዝማል፣ ሲወዘውዙት ዘሩ ውስጡ ይንኳኳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጋዝ ተይዞ ተመጣ። ምነው ብንል «ሥሩ ንጣፉን ያነሳዋል» ተባልን። ሥሩ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፣ ንጣፍም ያነሳል። ታዲያ ንጣፉን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ማንጠፍ ማን ከለከለ? ሰው «ተዉ» እያለ ቆሞ ነበር። የሰማ የለም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግንዱ ተቆራርጦ መኪና ላይ ወጣ።

ከዚያማ አማረ ተባለ። ንጣፉ ተነጠፈ፣ መብራት ተተከለ፣ የብረት ወንበር መጣ። በስድስት ሰዓት ሄዳችሁ ያን ወንበር በእጃችሁ ንኩት፣ የጋለ ምጣድ ነው። ሳንቡሳ ሻጯ ጆንያ በውኃ ነክራ ታነጥፍበታለች፣ ከዚያ ነው የምትቀመጠው። ጆንያው ወዲያው ይደርቅና እንደገና ትነክረዋለች። ዳማ ተጫዋቾቹ ከአንዱ ሱቅ በረንዳ ወደ ሌላው እየተባረሩ ይውላሉ። አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን መናፈሻው ውስጥ ሰው የለም።

አቦ! ሰው የማይቀመጥበት መናፈሻ ለማን ነው የተሠራው? ለምረቃ ፎቶ ነው? ደጋ ላይ ሣርና አበባ ብቻውን መናፈሻ ይሆን ይሆናል። ድሬ ላይ ግን መናፈሻ ማለት መጀመሪያ ጥላ ነው። ጥላው ካለ ወንበሩ ድንጋይም ቢሆን እንቀመጣለን። ጥላው ከሌለ የወርቅ ወንበር ብታመጡልን ማን ይጠጋዋል!

ይህን ሁሉ የማወራው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ጠዋት እዚህ ስገባ ሁለቱ ኒሞች ግንድ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። በሩ አጠገብ ያለው የድሬዳዋ ዛፍም ተቀብቷል። ምልክቱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያኛውም ዛፍ ከመቆረጡ በፊት እንዲሁ ነው የተቀባው።

«ችግኝ እንተካለን» ትሉ ይሆናል። ተኩ፣ እኛም አብረን እንተክላለን፣ ዛሬ የመጣነውም ለዚያ ነው። ግን ችግኝ የትልቅ ዛፍ ምትክ አይሆንም። ዝናባችን በበልግ ጥቂት፣ በክረምት ጥቂት ነው። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ ውኃ የሚያጠጣው ካላገኘ የሚቀጥለውን ግንቦት አያይም። ስንት ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን፣ በዓመቱ ጉድጓዱን ብቻ አገኘነው!

ስለ ደቻቱም አንድ ነገር ልበል። በ1998 ክረምት ሌሊት ጎርፉ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደው ከላይ ከደጋው ወርዶ ነው። የተራቆተ ተራራ ውኃ አይዝም። ስለዚህ የዛፍ ነገር ለእኛ የመዋቢያ ጉዳይ አይደለም። ከዚህ በላይ አልልም፣ ቤተሰብ ያጣ ሰው እዚህ መካከላችን ተቀምጧል።

ችግኞቹን በተመለከተ፣ በመናፈሻው ዙሪያ ያለ ቤት ሁሉ አንድ አንድ ይያዝ። ፍየል እንዳይበላቸው አጥር ይደረግላቸው። ፌስታልና የጫት ገራባውን ደግሞ የሠፈሩ ወጣቶች ተራ ገብተው ያጸዳሉ፣ ተስማምተናል።

ቀለሙን ያስቀባው መሥሪያ ቤት ተወካዮች ከፊት ወንበር ላይ አሉ። ስለመጣችሁ እናመሰግናለን፣ አክብራችሁናል። ሻዩ ከመቅረቡ በፊት ግን ሦስቱን ዛፎች አብረን እንዙራቸው። የታመመ፣ ሰው ላይ የሚወድቅ ካለ አሳዩን፣ እኛው ራሳችን ቁረጡት እንላለን። የንጣፍ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ግን ዛሬውኑ፣ እኛ እያየን፣ ቀለሙ ይፋቅልን።

አመሰግናለሁ።